ሦስት ቀን በሮማ

ሮማ የምትኖረው ታላቅ እህታችን ጠርታን፣ ከአባባና ከእማዬ ጋር ሦስት ቀን እዚያ ሰነበትን። እንደ አገር ጎብኚ ሁሉ ኮሎሴዮን ዞርን፤ ቫቲካን ደጅ ተሰለፍን። አባባ ግን ልባቸው ሌላ ጋ ነበር።

"የአክሱም ሐውልት የቆመበትን አሳዩኝ" አሉ።

"ኧረ አባባ፣ ሐውልቱ እኮ አገሩ ገብቷል!"

"ባዶውን ነው ማየት የምፈልገው።"

ፖርታ ካፔና ወሰድናቸው። በ1929 ዓ.ም. ተወስዶ፣ በ1997 በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን የተመለሰው 24 ሜትር ድንጋይ የቆመው እዚያ ነበር። መኪናው ይተራመሳል፤ አባባ ዝም ብለው ቦታውን ያያሉ።

ማታ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሌላ ሐውልት አገኘን። ድንጋዩ የግብፅ ነው፤ መታሰቢያነቱ ግን በጥር 1879 ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር ለፈጃቸው ጣልያኖች። ከጣቢያው ፊት ያለው አደባባይም "የአምስት መቶዎቹ" የተባለው በእነሱ ነው። እህታችን ይህን ስትነግራት እማዬ "እነዚህም እናት ነበራቸው" አለች።

"ማን ኑ አላቸው?" አሉ አባባ።

"ማንም። የላካቸው ሰው ግን አልሞተም።"

አባባ መልስ አልሰጡም። እኛም ለማን እንደምንፈርድ ጨነቀን።

አውቶቡሱ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ የአደባባዩን ስም ይጠራል፤ ማን እንደሞተ፣ ለምን እንደሞተ የሚያስብ ያለ አይመስልም። እኛስ ብንሆን? ስድስት ኪሎ ደጃችን ላይ የቆመው የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት የዚያው የ1929 ነገር ነው። ታክሲ ስንጋፋ ስንቶቻችን ቀና ብለን እናየዋለን?