ለተበዳይ ማን ይናገርለት?

ጋዜጠኛ መጥቶ «ምን ደረሰባችሁ?» ሲል መልሱን የሚሰጠው ማን ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ እኔን ግን ዘወትር ወደ እብናት ይመልሰኛል።

በሚያዝያ 1977 ዓ.ም. የደርግ ወታደሮች በእብናት መጠለያ የነበሩ ከ30,000 በላይ ረሃብተኞችን በግድ አስወጥተው ጎጆዎቻቸውን አቃጠሉ። ወሬው በውጭ ጋዜጦች ሲናኝ መንግሥት «በፈቃዳቸው ወደ ቀያቸው ተመለሱ» አለ፤ ኋላም ጥፋቱን በአካባቢው ሹም ላይ አላከከ። የረድኤት ሠራተኞች ተናገሩ፤ ዲፕሎማቶች ተናገሩ። የተፈናቃዩ ታሪክ ግን በአብዛኛው በሌሎች አንደበት ተተረከ።

ዛሬ ማይክሮፎኑ ለእድሩም ለልማት ማኅበሩም ይቀርባል። የማኅበር ሰዎች ምክር ሲጠይቁኝ የምላቸው ይህንን ነው፦ ቃለ ምልልሱ ሳይጀመር ተሰብስባችሁ ማን እንደሚናገር፣ የትኞቹ ሦስት ነጥቦች ሳይነገሩ እንደማይታለፉ ተስማሙ። ቁጥር ከመዝገብ ይውጣ። ያያችሁትን ከሰማችሁት ለዩ። ላላወቃችሁት «አጣርተን እንነግራችኋለን» ማለት ነውር አይደለም። ከሁሉም በላይ፣ ጋዜጠኛው ሲሄድ ተናጋሪው እዚያው ይቀራልና፣ የማንም ስም ያለፈቃዱ አይጠቀስ፤ የማንም ፊት ያለፈቃዱ አይታይ።

«የተዘጋጀ ቃል የካድሬ ቃል ነው» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። አልስማማም። ካድሬው የሚዘጋጀው የሆነውን ለመሸፈን ነው፤ ገበሬው ቢዘጋጅ የሆነው እንዳይጣመምበት ነው። በ1977 ማስተባበያው ከመሥሪያ ቤት ተጽፎ ወጣ። በዳይ ተዘጋጅቶ በሚናገርበት አገር ተበዳይን «እንደመጣልህ ተናገር» ማለት ፍትሕ ነውን?