መብራቷን መሸፈን ወይስ ሕመሟን መፈለግ?

መኪና የያዘ ሰው ሁሉ ዳሽቦርድ ላይ የምትበራን የማስጠንቀቂያ መብራት ያውቃል። መጀመሪያ ታስደነግጣለች፤ ቀጥሎ ታናድዳለች፤ በመጨረሻም ትለመዳለች። እኛም በአጋሮ የምንኖር ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት እህት ያለፈውን ክረምት ከእንዲህ ዓይነቷ መብራት ጋር ስንታገል ከረምን። ከስሕተታችን ሌላው ይማርበት ዘንድ ታሪኩን እነሆ።

ከቡና ሽያጭ ባጠራቀምነው ገንዘብ ሦስታችን ተጋርተን የገዛናት ያገለገለች የቤት መኪና አለችን። ዋና ሥራዋ እናታችንን በየወሩ ለስኳር ሕመም ክትትል ጅማ ማድረስ ነው። ከአጋሮ እስከ ጅማ ያለው ወደ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ አስፋልት ቢሆንም፣ እናታችን የምትኖረው ከከተማ ወጣ ብሎ በቡና ማሳ መካከል በመሆኑ፣ ከቤቷ እስከ አስፋልቱ ያለው ቁልቁለት በክረምት ጭቃ ብቻ ነው።

በሐምሌ ወር አንድ ቀን ከጅማ ስንመለስ የቡን እንዳለፍን ከኋላዋ ሁለት የተጣመሙ መስመሮች ያሏት የትንሽ መኪና ምስል በቢጫ በራች። የኤቢኤስ መብራትም ተከተለቻት።

ይህች ምስል የመንሸራተት መቆጣጠሪያው ምልክት ናት። በእያንዳንዱ ጎማ አጠገብ ፍጥነቱን የሚለካ ሴንሰር አለ። አንዱ ጎማ ከሌሎቹ በልጦ ሲሾር ኮምፒውተሩ መንሸራተቱን ይረዳና የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል፤ ወይም ያንኑ ጎማ በፍሬን ይይዘዋል። ፍሬን በድንገት ሲረገጥ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ኤቢኤስም የሚሠራው በእነዚሁ ሴንሰሮች ነው። የዛሬው ዓይነት ኤሌክትሮኒክ ኤቢኤስ በጀርመን መኪኖች ላይ ለገበያ የቀረበው በ1978 እ.ኤ.አ. ነበር። ስለዚህ አንድ ሴንሰር ዝም ካለ ሁለቱም ሥራ ያቆማሉ፤ ሁለቱም መብራቶች ይበራሉ። መብራቷ በጭቃ ላይ ብልጭ ብልጭ ካለች ግን ሥራዋን እየሠራች ነውና አታስፈራም። የምታሳስበው ሳትጠፋ ስትቆይ ነው።

የመጀመሪያው ጋራዥ በኮምፒውተር ኮዱን አጠፋልንና ደስ ብሎን ተመለስን። በሁለተኛው ቀን ተመልሳ በራች። ሁለተኛው ጋራዥ ምንም ሳይከፍት «የኤቢኤሱ ኮምፒውተር ሞቷል» ብሎ የዓመት ቁጠባችንን የሚበላ ዋጋ ጠራ። በዚህ መካከል አንድ ደላላ «ምን አስጨነቃችሁ? በጥቁር ናስትሮ ሸፍናችሁ ሽጧት፤ ማን ያያል?» አለን።

እውነቱን እንናገር፤ ሐሳቡ ልባችንን ነክቶት ነበር። ማታ ስንመካከርበት እናታችን ሰማችና «የሚገዛትም ሰው እናት አለችው» አለችን። ነውርን ደብቆ መሸጥ በሃይማኖታችን ምን እንደሆነ ከልጅነታችን ጀምሮ ያስተማረችን እርሷው ናትና በጣም አፈርን።

ከዚያ በኋላ እህታችን ደብተር ያዘች። መብራቷ በበራች ቁጥር ቀኑን፣ መንገዱን፣ ዝናቡንና የተሳፋሪውን ብዛት መዘገበች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ነገሩ ግልጽ እየሆነ መጣ፤ መብራቷ የምትበራው ጎርባጣውን ቁልቁለት ካለፍን በኋላ፣ በተለይም ከኋላ ሰው ሲቀመጥ ነበር።

ደብተሩን ይዘን ወደ አንድ አንጋፋ መካኒክ ሄድን። እርሳቸውም ኮዱን ከማጥፋት ይልቅ አነበቡት። የግራ የኋላ ጎማ ሴንሰር ይላል። «ልጆቼ፣ ኮዱ መንደሩን ይነግራችኋል እንጂ ቤቱን አያሳያችሁም» አሉን። ይኸውም ችግሩ ከሴንሰሩ፣ ከሽቦው፣ ሴንሰሩ ከሚያነበው ቀለበት ወይም ከተጋገረ ጭቃ ሊሆን ይችላል ማለታቸው ነው። አስቀድመው አራቱ ጎማዎች እኩል መጠንና እኩል ንፋስ እንዳላቸው፣ የፍሬን ዘይቱም እንዳልጎደለ አዩ። ከዚያ መኪናዋን በክሪክ አንስተው ጭቃውን አጠቡ።

ሽቦው ከማቀፊያው ወጥቶ ተንጠልጥሏል! ቀደም ሲል የፍሬን ሸራ የቀየረ ሰው መልሶ አላሰረውም። ከላይ ሲታይ ደህና ይመስላል። በቴስተር እየለኩ ሲያወዛውዙት ግን አንዴ ይገናኛል፣ አንዴ ይቋረጣል። የውስጡ መዳብ በመተጣጠፍ ብዛት ተበጥሷል። ቀጥለው በየዱት፤ ውኃ እንዳያስገባ ሸፍነው ከቦታው አሰሩት። የከፈልነው ለኮምፒውተሩ ከተጠራብን ዋጋ ሃያ እጅ ያነሰ ነበር።

በማግሥቱ እናታችንን ከኋላ አስቀምጠን በዚያው ቁልቁለት ወረድን። በጭቃው ላይ መብራቷ ሁለት ጊዜ ብልጭ አለች፤ ጎማው ያዘ፤ መብራቷም ጠፋች። አልሐምዱሊላህ! ቡና እስኪለቀም ድረስ ተመልሳ አልበራችም።

እንዲህ የሚገጥማችሁ ወንድሞችና እህቶች! መጀመሪያ የመቆጣጠሪያው ማጥፊያ በስሕተት ተነክቶ እንደሆነ እዩ። ቀጥሎ ጎማንና የፍሬን ዘይትን፣ ከዚያም ሽቦንና ሴንሰርን መርምሩ፤ ኮምፒውተር የመጨረሻው ይሁን። ቢጫዋ መብራት ብቻ ከበራች ተራው ፍሬን ይሠራልና ቀስ ብላችሁ፣ ርቀት ጠብቃችሁ ወደ ጋራዥ ንዱ። ቀዩ የፍሬን መብራት ከበራ ግን የእጅ ፍሬን ተይዞ እንደሆነ ተመልከቱ፤ ካልሆነ ቁሙ፤ አትንዱ።

በመጨረሻም አንድ ነገር እንናዘዝ። የእናታችን ስኳር ከመታወቁ በፊት ለወራት «ውኃ፣ ውኃ» ስትል «ሙቀቱ ነው» እያልን አልፈነው ነበር። ያኔም መብራቷ በርታ ነበር፤ የሸፈንናት እኛው ነን።