ውበቱ ለመንገደኛ፣ ብርዱ ለባለቤት

ባዝ ከለንደን በስተምዕራብ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል የምታስኬድ፣ በኮረብታ የተከበበች ከተማ ናት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ዘመን በስደት የኖሩባት ስለሆነች ስሟ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እኔን የወሰደኝ ግን ታሪክ ሳይሆን ልጄ ናት። ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ላርሳት ሄጄ ከ2024 ጥቅምት እስከ 2025 የካቲት ከረምኩ። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከተማዋ ከሞላ ጎደል የማር ቀለም ባለው ድንጋይ የተሠራች ናት። የሕንፃ ባለሙያ ብሆን ስለ ዓምዱና ስለ ቅርጹ በጻፍኩ። እኔ ግን ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። ቤት ሳይ መጀመሪያ የማየው የደረጃውን ብዛት፣ የግድግዳውን እርጥበት፣ አንድ አዛውንት ሌሊት ሲነሱ የሚይዙት ነገር መኖር አለመኖሩን ነው። አራት ወር ሙሉ ያቺን ውብ ከተማ በዚህ ዓይን አየኋት።

የቁርጥማት ከተማ

ባዝ ማለት መታጠቢያ ማለት ነው። ሙቀቱ 46 ዲግሪ የሚደርስ፣ በቀን ከ1 ሚሊዮን ሊትር በላይ ውሃ ከመሬት ይፈልቃል። ሮማውያን ከዛሬ 2 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት መታጠቢያና ቤተ መቅደስ ሠርተውበታል። አዲስ አበባም ፍልውሃን ተከትላ የተቆረቆረች ናትና ነገሩ ለእኛ ቅርብ ነው። ዛሬ ጎብኚ የሮማውያኑን ገንዳ ያያል እንጂ አይገባበትም። በ1978 በዚሁ ውሃ የዋኘች አንዲት ልጅ ውሃው ውስጥ በነበረ አሜባ የማጅራት ገትር ይዟት ሞተች፤ ገንዳዎቹም ተዘጉ። ከጥልቅ ጉድጓድ ንጹሕ ውሃ ተስቦ ሕዝብ እንደገና መታጠብ የጀመረው በ2006 በተከፈተው አዲስ ሕንፃ ነው። ሥራው ዓመታት ዘግይቷል፤ ከታሰበው በላይ ገንዘብ በልቷል፤ ማዘጋጃ ቤቱና ተቋራጩ በቀለም መላላጥ ሳይቀር ተወዛግበዋል። የፕሮጀክት መጓተት የእኛ ብቻ አይደለም ብዬ ትንሽ ተጽናናሁ።

ከገንዳው በእግር ጥቂት ደቂቃ ወጣ ሲባል የማዕድን ውሃ ሆስፒታል የነበረው ሕንፃ ይገኛል። ድሆችን መቀበል የጀመረው በ1742 ነው። ንድፉን የሠራው ዝነኛው የከተማዋ አርክቴክት ጆን ዉድ ሲሆን ድንጋዩን የሰጠው የካባው ባለቤት ራልፍ አለን ነው። ሀብታሙ ለቁርጥማቱ ቤት ተከራይቶ፣ ሐኪም ቀጥሮ ይታከም ነበር። ይህ ግን ከመላ ሀገሪቱ ለሚመጣ ድሀ የታሰበ ነው። ታማሚ ሲገባ ገንዘብ ያስይዛል፤ ሲወጣ መሳፈሪያው፣ ከሞተም መቀበሪያው ይሆናል። ይህን ሳነብ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጡ። የመመለሻ ገንዘብ አጥቶ የሆስፒታል በር ላይ የሚቀመጥ ገበሬ፣ አስከሬን ማሳፈሪያ የሚለምን ዘመድ ስንቱን አይቻለሁ። ነርሶች ከደመወዛችን ያዋጣንበት ቀን ብዙ ነው። የባዝ ሰዎች ያንን ችግር ከ280 ዓመት በፊት አስበው ደንብ ውስጥ አስገብተውት ነበር።

ሆስፒታሉ የመገጣጠሚያ በሽታ ማከሚያ ሆኖ እስከ 2019 ቆየ። ከዚያ አገልግሎቱ ከመሀል ከተማ ወጣ ወዳለው ትልቁ ሆስፒታል ተዛወረና ሕንፃው ሆቴል እንዲሆን ተሸጠ። ለታማሚው አዲሱ ቦታ እንደሚሻለው አልክድም፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ሰፊ በርና ሊፍት ያስፈልገዋል። የከተማው ሰው ስለ ሕንፃው ብዙ ተከራክሯል፤ ድንጋዩም ድኗል። ለድሀ ተብሎ የተሠራ ቤት የሀብታም ማደሪያ መሆኑ ግን ሆዴን አላው።

ፊትና ጀርባ

የባዝ ትልቁ ኩራት ሮያል ክሬሰንት ይባላል። ከ1767 እስከ 1775 የተሠሩ 30 ቤቶች በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ተያይዘው ቆመዋል፤ 114 ዓምዶች ተደርድረዋል፤ ከፊታቸው ሰፊ ሣር ተዘርግቷል። ሁሉም ፎቶ የሚያነሳው ፊቱን ነው። ልጄ ግን በጀርባው በኩል ወሰደችኝ። ጀርባው ሌላ ዓለም ነው። አንዱ ቤት ረዝሟል፤ አንዱ ወደ ውጭ ገፍቷል፤ የአንዱ መስኮት ከጎረቤቱ አይገጥምም፤ የቆሻሻ ውሃ ቱቦው ግድግዳውን ይዞ ይወርዳል። በጥንቱ ውል ገዢው የቤቱን ፊት እንደተነደፈው የማሠራት ግዴታ ነበረበት። ከኋላ ግን የራሱን ግንበኛ አምጥቶ እንደ ኪሱና እንደ ቤተሰቡ ብዛት ያሠራ ነበር።

የቤት ፊት ዛሬም የሕግ ጉዳይ ነው። ባዝ ውስጥ 5 ሺህ ያህል ሕንፃዎች በቅርስነት ተመዝግበዋል። በ1987 ደግሞ ከተማዋ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆናለች። የተመዘገበን ቤት ያለ ፈቃድ መለወጥ ወንጀል ነው። በ1970ዎቹ አንዲት የክሬሰንት ነዋሪ የፊት በራቸውን ቢጫ ቢቀቡ ማዘጋጃ ቤቱ ወደ ነጭ እንዲመልሱት አዘዘ። ሴትዮዋ እምቢ አሉ፤ ይግባኝ ብለውም ረቱ። በሩ ዛሬም ቢጫ ነው፤ ጎብኚም ይስቅበታል።

ልጄ ከተከራየችበት ቤት ሥር፣ ድሮ የአገልጋዮች ማብሰያ በነበረው ምድር ቤት፣ ሰማንያ ሁለት ዓመት የሞላቸው እናት ብቻቸውን ይኖራሉ። መስኮታቸው የጥንት ስስ መስታወት ነው። በድርብ መስታወት እንቀይረው ቢባል ፈቃድ ማግኘት ጭንቅ ነው። ከውስጥ በኩል ሁለተኛ መስታወት መግጠም ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል፤ እሱ ደግሞ ለጡረተኛ ኪስ ይከብዳል። ስለዚህ በመስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለዋል፤ በበሩ ሥር አሸዋ የተሞላ እባብ የመሰለ ጨርቅ አስተኝተዋል፤ ቤት ውስጥ ካፖርት ለብሰው ይቀመጣሉ። የአልጋቸው ራስጌ ላይ ጥቁር ሻጋታ አየሁ። የሳላቸው ድምፅ ከሻጋታው ጋር ይሄዳል። ያረጀ ሳንባና እርጥብ ግድግዳ አብረው እንደማይኖሩ ለመናገር ዲፕሎማ አያስፈልግም።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ሌበር ፓርቲ ከ14 ዓመት በኋላ ሥልጣን ይዞ ነበር። ከመጀመሪያ ውሳኔዎቹ አንዱ ለጡረተኞች ሁሉ በየክረምቱ ይሰጥ የነበረውን 200 ወይም 300 ፓውንድ የማሞቂያ ድጎማ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ብቻ ማድረግ ነው። ጎረቤታችን በጥቂት ፓውንድ ምክንያት ከመስመሩ በላይ ሆኑና ቀረባቸው። የዝንጅብል ሻይ ይዤላቸው ስወርድ እጃቸው በረዶ ነው። ልጄ እያስተረጎመችልኝ፣ «ቤቴን ፎቶ ለማንሳት ከዓለም ዳርቻ ይመጣሉ፤ ለማሞቅ ግን ማንም አይመጣም» አሉኝ። ሳቁ፤ እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

እኔ ከተመለስኩ በኋላ፣ በሰኔ 2025፣ መንግሥት የሕዝቡን ቁጣ አይቶ ዓመታዊ ገቢያቸው ከ35 ሺህ ፓውንድ ለማይበልጥ ጡረተኞች ድጎማውን ለመመለስ ወሰነ። ልጄ በስልክ ስትነግረኝ መጀመሪያ የጠየቅኳት ስለ መስኮቱ ነው። መስኮቱ እንዳለ ነው።

በአውቶቡስ የሚሰማ ፖለቲካ

ፈረንጅ ፖለቲካ አያወራም የሚል ሰው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ አውቶቡስ ይሳፈር። ጡረተኞች በነፃ መሳፈር የሚጀምሩት በዚያ ሰዓት ስለሆነ አውቶቡሱ የአዛውንት ሸንጎ ይሆናል። መጀመሪያ ስለ ዝናቡ ይባላል፤ ቀጥሎ ስለ ሐኪም ቀጠሮ፤ ከዚያ ስለ ማዘጋጃ ቤቱ። በ2021 ማዘጋጃ ቤቱ አየሩን ለማጽዳት ብሎ ጭስ በሚያበዙ የጭነት መኪኖች፣ አውቶቡሶችና ታክሲዎች ላይ የመሀል ከተማ መግቢያ ክፍያ ጥሏል። አንዱ ሳንባዬ ዳነ ይላል፤ ሌላው ንግዴ ሞተ ይላል። ድምፅ ሳይነሳ፣ እየተቆራረጡ ሳይሆን ተራ እየጠበቁ ይከራከራሉ። ሲወርዱ ሁሉም ሹፌሩን ያመሰግናሉ። አንድ ቀን ሹፌሩ «ማይ ላቨር» ብሎ ሲመልስልኝ ነጠላዬን ሰብስቤ ልጄን አየኋት። «እማዬ፣ የዚህ አካባቢ ሰው ለአሮጊትም ለሽማግሌም እንዲህ ነው የሚለው» ብላ እስክትወርድ ሳቀችብኝ።

ከእነዚህ አዛውንት አንዱ በሚያዝያ 1942 ጀርመኖች ባዝን ሲደበድቡ ሕፃን እንደነበሩ አጫወቱኝ። በዚያ ድብደባ ከ400 በላይ ሰው ሞቷል። ሰውዬውን ይበልጥ የሚቆጫቸው ግን ከጦርነቱ በኋላ የሆነው ነው። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ታላላቆቹን ቤቶች እየጠበቀ የሠራተኛውን ትንንሽ ቤቶች በሰፈር በሰፈር አፈረሰ። አዳም ፈርጉሰን የተባለ ጸሐፊ በ1973 በመጽሐፍ አጋለጠው፤ ሕዝቡም ተነሣ። የፈረሰው ግን አልተመለሰም። ቅርስ ተብሎ የዳነው በአብዛኛው የጌቶች ቤት ነው። የልብስ አጣቢዋና የግንበኛው ቤት ያን ዕድል አላገኘም።

በስጦታ የተሰጠው ቤት

ከመሀል ከተማ በስተምዕራብ፣ ኒውብሪጅ በሚባለው ሰፈር፣ ፌርፊልድ ሀውስ አለ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1936 ገዝተውት እስከ 1940 ከነቤተሰባቸውና ከተከታዮቻቸው ጋር ኖረውበታል። ከሮያል ክሬሰንት ጋር ሲተያይ ቤቱ ተራ የሀብታም ቪላ ነው። የስደቱ ዘመን የገንዘብ ችግር የነበረበት እንደመሆኑ ክረምቱ ከብዷቸው እንደነበር ይነገራል። ብርዱ ለንጉሥም አላዘነም ማለት ነው።

እኔ ቤቱን ስመለከት ያሰብኩት ልዕልት ፀሐይን ነው። በዚያ የስደት ዘመን ለንደን ገብተው በሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማሩ፤ አልጋ አነጠፉ፤ ሌሊት ዘበኛ ሆነው አደሩ። ሀገር ነፃ ወጥታ ከተመለሱ በኋላ በ1942 በወጣትነታቸው አረፉ። በስማቸው አዲስ አበባ ላይ የተሠራውን ሆስፒታል በኋላ ጦር ኃይሎች እያልን የጠራነው ነው። የእኔ ትውልድ ነርሶች መንገዱን ከጠረጉልን አንዷ እሳቸው ናቸው።

ንጉሠ ነገሥቱ በ1958 ቤቱን ለባዝ ከተማ ሰጡት፤ ሲሰጡትም ለአረጋውያን እንዲሆን ብለው ነው። ለዓመታት የአረጋውያን መኖሪያ ነበር። አሁን ከካሪቢያንና ከሌሎች ሀገሮች የመጡ አዛውንት የሚሰባሰቡበት ነው። እኔ በሄድኩ ቀን ክፍሉ ሞቋል፤ ሩዝና ዶሮ ይሸታል፤ ዶሚኖ ጠረጴዛ ላይ ይንኳኳል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ከጃማይካ በወጣትነታቸው መጥተው እንደ እኔ በነርስነት ጡረታ የወጡ ናቸው። ቋንቋችን ብዙ አያግባባንም። ግን እግሬን አይተው፣ ሶፋው ሥር ያለውን ዱካ በእግራቸው ገፋ አድርገው አቀረቡልኝና ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጉ። የሙያ ቋንቋ ነው፤ ገባኝ።

ለዚህ ቤት የሚሟገቱለት ሰዎች ገንዘብ እንደሚያጥራቸው፣ ጣሪያ እንደሚያስቸግራቸው ሰምቻለሁ። ቢሆንም በባዝ ካየኋቸው የቆዩ ሕንፃዎች ሁሉ በደንብ የተጠበቀ ያልኩት እሱን ነው። ሰጪው ድንጋዩን ጠብቁ ብቻ አላሉም፤ ማን እንዲቀመጥበት አብረው ተናገሩ። ቤቱ ዛሬም ያንን ሥራ ይሠራል።

ወደ ባዝ የሚሄድ አንባቢ ካለ የሮማውያኑን ገንዳ ይይ፤ የሮያል ክሬሰንትን ፊት ፎቶ ያንሳ፤ ጀርባውንም ዞሮ ማየት አይርሳ። ከዚያ ወደ ኒውብሪጅ አውቶቡስ ይያዝ። ፌርፊልድ ለጎብኚ የሚከፈተው በተወሰኑ ቀናት ስለሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሲገባም እጅ ባዶ አይሁን። ግማሽ ኪሎ የይርጋጨፌ ቡና ተቆልቶ ቢወሰድ እዚያ ቤት ውስጥ አፍልቶ የሚያጠጣም፣ ቁጭ ብሎ የሚጠጣም አይጠፋም።