ሰፈር የማይሻገር ጡሩምባ

ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ሰርቨሮቻችን ተካካዱ።

አራት ናቸው፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ሥራውን እንዲረከብ በክላስተር የተሳሰሩ። ሁለቱን ወደ አዲሱ ሕንጻ፣ ወደ ሌላ ሰብኔት ባዛወርን ማግስት የቀሩት «የሄዱት ሞተዋል» አሉ፤ የሄዱትም ስለቀሩት እንደዚያው። ሁለቱም ወገን ራሱን አለቃ አድርጎ ደመወዝ ማስላት ጀመረ። አንድ መሥሪያ ቤት፣ ሁለት የደመወዝ መዝገብ!

እኛስ ምን አደረግን? ያው የለመድነውን፤ የኔትወርክ ልጆቹን ወቀስን። «ራውተራችሁ ያፍናል» አልን፣ ያውም አለቆች ባሉበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰርቨሮቹ «አለሁ» የሚባባሉት በመልቲካስት ነው። የዕድር ጡሩምባ በሉት፤ ነፊው ቤት ለቤት አያንኳኳም፣ አንዴ ይነፋል፣ የተመዘገበ አባል ይሰማል። ለዚህ የተለዩት አድራሻዎች ከ224 እስከ 239 ባሉት ቁጥሮች ይጀምራሉ። ጣጣው፣ ጡሩምባው የሚሰማበት ርቀት አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ቲቲኤል የሚባል ቁጥር አለ፤ እያንዳንዱ ራውተር አንድ ይቀንስበታል፣ ዜሮ ሲሆን ፓኬቱ ይጣላል። እ.ኤ.አ. በ1989 ስቲቭ ዲሪንግ የጻፈው አርኤፍሲ 1112 ደግሞ ሌላ ካልተነገረው በቀር መልቲካስት በ1 ይነሳ ይላል። የእኛው ኮሮሲንክም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ራውተር ደጃፍ ላይ አለቀ ማለት ነው።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ቲሲፒደምፕ ከፍተን ያየነው ይህንኑ ነው፤ ቲቲኤል 1። የራሳችን ፋይል ውስጥ! ደግነቱ (ለኩራታችን ማለታችን ነው) 8 ብናደርገውም አልሠራም። አፍረን ደወልን። ከኔትወርክ ልጆቹ አንዱ ከእንቅልፉ ተነስቶ ሲያይ፣ መልቲካስትን ከሰብኔት ወደ ሰብኔት የሚያሻግረው ፒም በአሮጌው ሕንጻ በኩል ተከፍቷል፣ በአዲሱ በኩል ተረስቷል። ሳቀ። እኛም ሳቅን፣ ትንሽ ዘግይተን።

የከፋው ጥፋት ግን የእኛ ነበር። ሁለት ለሁለት ሲከፈሉ አብላጫ ያለው ወገን ስለሌለ ሁሉም መቆም ነበረባቸው። ያንን ፍሬን «ለሙከራ ነው» ብለን አጥፍተን ረስተነዋል። አሁን አምስተኛ ሰርቨር ጨምረናል። ኮሮሲንክ 3 ካልታዘዘ በቀር መልቲካስቱን ትቶ ለእያንዳንዱ በቀጥታ ስለሚልክ፣ ወደዚያው ልንዞር ነው።

ሁለቱን መዝገብ በእጅ ስናመሳክር ደመወዙ አንድ ቀን ዘገየ። ማታ ስንወጣ ጥበቃው በር ላይ አስቆሙን።

«ልጆቼ፣ የቤት ኪራይ አለብኝ። ነገ ይገባል?»

«ይገባል ጋሼ» አልን። ቀና ብለን ግን አላየናቸውም።