የቀማሁት ኪሮሽ

የእምድብር ክረምት እንደምታውቁት ነው። ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት ዝናብ፣ ማታ ጋቢ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ዳንቴል ነው። አዎ፣ ዳንቴል! ሶፋ ላይ፣ ብፌ ላይ፣ ቴሌቪዥን ላይ የሚነጠፈው ማለቴ ነው። "ቲቸር ዛሬ ምን ነካው?" የምትሉ የድሮ ተማሪዎቼ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ። ከእናንተ አንዷን የሚመለከት ጉዳይ አለበት።

ባለቤቴ የዳንቴል ሰው ናት። ስንጋባ ይዛው ከመጣችው ዕቃ ግማሹ የገዛ እጇ ሥራ ነበር። የአልጋ ልብሱ፣ የጠረጴዛው፣ የሶፋው፣ የመጋረጃው ጠርዝ ሳይቀር። እኔ ያኔ "ያምራል" ብዬ አለፍኩት። ስንት ሌሊት እንደፈጀ አልጠየቅኩም። ሰው ቤት እንግድነት ስንሄድ እኔ ሰው ሰላም ስል እሷ የሶፋውን ዳንቴል ጠርዙን አንስታ ታያለች። ስንወጣ "ጥሩ ሰዎች ናቸው" እላለሁ። እሷ ደግሞ "አራተኛው ዙር ላይ ተሳስታለች" ትላለች።

ክርና ኪሮሽ ያለባት ፌስታል ከእጇ አትለይም። ሚኒባስ እስኪሞላ ትሠራለች፣ ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ ትሠራለች፣ የወላጅ ስብሰባ ላይ ትሠራለች። መብራት ሲጠፋ እንኳ አታቆምም፤ ጣቷ ያያል። ጎረቤት ስትወልድ ገንፎ ከመገንፋቷ በፊት የሕፃኑን ቆብ ትጀምራለች። ለቅሶ ቤት ብቻ ፌስታሏ አትገባም። እየቆጠረች ከሆነ ደግሞ ማናገር ክልክል ነው። "ጨው የት ነው ያለው?" ስላት "አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት…" ብላ በአገጯ ትጠቁመኛለች። በአገጭ የተጠቆመ ጨው ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ?

ቅዳሜ ከሰዓት ቡናው በተራ ነው። ተራው የእኛ ሲሆን ሰባት ሴቶች ሰባት ፌስታል ይዘው ይመጣሉ። ቆሎ ይቀርባል፣ ቡና ይፈላል፣ የዕቁብ ብር ይሰበሰባል። ክረምት ላይ ወሬው ሁሉ የመስቀል ነው። እንደምታውቁት እኛ ጋ ለመስቀል ወንዱ ለሰንጋ፣ ሴቷ ለቅቤ ከዓመት እስከ ዓመት ትቆጥባለች። የእነዚህ ሰባት ሴቶች የቅቤ ብር ከዳንቴል ነው የሚወጣው። ከአዲስ አበባና ከሌላም አገር ለመስቀል የሚገባው ዘመድ ቤቱን ሲያሳድስ ዳንቴል ያዛል፣ ሲመለስም ይዞ ይሄዳል። ጥግ ይዤ ፈተና ሳርም አንድ ነገር አስተውያለሁ። ወሬው ስለ ሰው ሲሆን እጃቸው ይፈጥናል። ወሬው ስለ ገንዘብ ሲሆን እጃቸው ይቆማል።

ከሰባቱ አንዷ አዶት ናቸው። አዶት በጉራጊኛ እናት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ይጠራቸዋል። ዓይናቸው ስለደከመ ኪሮሽ ትተዋል። ቡና ለመጠጣትና የሌሎቹን ስህተት ለማየት ነው የሚመጡት። በጉብዝናቸው ጊዜ ስፌት ይሰፉ ነበር፤ እንሰት ሲፋቅ የሚወጣውን ቃጫም ይገምዱ ነበር። ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ክፍል አላቸው፤ ከገጠር ለሚመጡ ተማሪዎች ያከራያሉ።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልምጣ። የሒሳብ መምህር ሆኜ ከዳንቴል ጋር በአንድ ቤት ስንት ዓመት ኖሬ ሒሳቡን አለማየቴ ያሳፍራል። ባለፈው ዓመት ነው፣ ባለቤቴን "እንዴት ነው ክብ የሚሆነው?" ብዬ ጠየቅኳት። እንዲህ አስረዳችኝ። እያንዳንዷን ቋጠሮ "ዓይን" ትላታለች። በአጭሩ አሠራር መሃሉን በ6 ዓይን ትጀምራለች። ቀጥሎ ያለው ዙር 12፣ ከዚያ 18፣ ከዚያ 24። በየዙሩ 6 ትጨምራለች። በረጅሙ አሠራር ደግሞ በ12 ተጀምሮ በ12 ይጨምራል። እኔ ሰሌዳ ላይ ጠመኔ ጨርሼ የማስተምረው አሪትሜቲክ ሲክዌንስ ማለት ነው! አሥረኛው ዙር ላይ 60 ዓይን ነው። እስከዚያ ድረስ በጠቅላላው 330። እኔ ይህን በፎርሙላ ሳሰላ እሷ ክሩን በእጇ መዝና "ይበቃል" ወይም "አይበቃም" ትላለች። አንድም ቀን ተሳስታ አላየሁም።

ይበልጥ የገረመኝ ሌላው ነው። መጨመሩን ብትተዪውስ? ብዬ ጠየቅኳት። "ይጎደጉዳል፣ ቆብ ይሆናል" አለችኝ። ብታበዢውስ? "ይሸበሸባል፣ እንደ ጎመን ቅጠል።" በኋላ ሳነብ ምን አገኘሁ? ዳይና ታይሚና የምትባል የላትቪያ ተወላጅ የሒሳብ ምሁር አለች፣ በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያስተማረች። ሃይፐርቦሊክ ጂኦሜትሪ የሚባል አስቸጋሪ ትምህርት አለ። እዚያ ውስጥ ከአንድ መስመር ውጪ ባለች አንዲት ነጥብ ላይ፣ ያን መስመር የማይነኩ ከአንድ በላይ መስመሮች ያልፋሉ። ይህን ተማሪ በዓይኑ አይቶ እንዲረዳው በወረቀት ሞዴል ይሠራ ነበር፤ ወረቀቱ ግን ቶሎ ይቀደዳል። በ1997 እ.ኤ.አ. ይህች ሴት ኪሮሽ አንስታ በየዙሩ ዓይን እያበዛች ሠራችው። ተማሪዎቿ በእጃቸው ይዘው፣ አጥፈው አዩት። የእኔ ሚስት "እንደ ጎመን ቅጠል" ያለችውን ማለት ነው። ሹራብን ማሽን ይሠራዋል፤ የኪሮሽን ሥራ ግን እስካሁን የሰው እጅ ነው የሚሠራው።

እኔም ሞከርኩ፣ አትሳቁ። ክብ ልሠራ ጀምሬ ቆብ ወጣልኝ። ልጄ ለአሻንጉሊቷ ወሰደችው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ።

በዚህ በ2017 ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ ሴቶቹ ለመስቀል ትዕዛዝ ክር ለመግዛት ወልቂጤ ወረዱ። በየዓመቱ የሚያደርጉት ነው። ክር መግዛቱ ሰበብ ነው እንጂ ዋናው መውጣቱ ነው፤ ይለብሳሉ፣ ይሽሞነሞናሉ፣ ወልቂጤ ላይ ቡና ይጠጣሉ። ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ዘንድሮ እኔንም "ተሸካሚ" ብለው ወሰዱኝ። አዶትም አብረውን ነበሩ። ስንመለስ ጉብሬን አልፈን ትንሽ እንደሄድን የሚኒባሱ ጎማ ተነፈሰ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር። አጠገባችን ጀፎሮ አለ። ለማታውቁት፣ ጀፎሮ በጉራጌ መንደር መሃል የሚያልፍ ሰፊ የሣር ጎዳና ነው። ቤቶቹ ግራና ቀኝ ይደረደራሉ፤ ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ የልጆች ጨዋታውም እዚያ ላይ ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዛፍ ሥር ዘርግተው ቁጭ አሉ። ወዲያው ኪሮሽ ወጣ። ሾፌሩ ከጎማው ጋር ሲታገል እነሱ ሁለት ሁለት ዙር ጨረሱ።

አንዷ አዲስ የገዛችውን ኪሮሽ አወጣችና "ይሄ ወፍሮብኛል" አለች። አዶት ይህን ሲሰሙ አንድ ታሪክ አነሱ።

"እኔ ቤት ተከራይታ የነበረች አንዲት ልጅ ነበረች፤ ዘጠነኛ ክፍል" አሉ። "እሁድ ማታ ቆጮዋን ተሸክማ ትመጣለች፤ ዓርብ ትሄዳለች። አባቷ የለም። የቤት ኪራይዋን በዳንቴል ነበር የምትከፍለኝ። ለጥር ሠርግ የሶፋ ትዕዛዝ ይዛ አራቱን ጨርሳ ነበር። አንድ ቀን መምህሯ ክፍል ውስጥ አገኛትና ኪሮሿን ከነጀመረችው ቀማት። እኔ ሌላ ገዛሁላት። ግን ውፍረቱ ልክ አልመጣም። ኪሮሽ ከተለየ ሥራው አይመሳሰልም፤ አንዱ ይጠብቃል፣ አንዱ ይላላል። አራቱንም ፈታቻቸው። ሌሊት ሌሊት በኩራዝ እንደገና ስትሠራ አያት ነበር። ለሠርጉ አልደረሰም፤ ሰዎቹም ሌላ ቦታ ገዙ።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "እናንተ መምህሮች አንዳንዴ እኮ አታስተውሉም" አሉኝ። በክፋት አይደለም ያሉት።

"ምን መምህር ነበር?" ብላ አንዷ ጠየቀች።

"የሒሳብ ነው ያለችኝ። ኪሮሹን እጀታው ላይ በቀይ ክር ጠምጥማው ነበር፣ እጇን እንዳይልጠው።"

ወዳጆቼ፣ ያ ቀይ ክር የተጠመጠመበት ኪሮሽ እኔ ቤት ነው ያለው።

2009 ዓ.ም.፣ ታኅሣሥ። ኢኩዌሽን እያስተማርኩ ነበር። ከኋላ ወንበር እጇ ከዴስኩ ሥር ነው። ደርሼ ነጠቅኳት። "እዚህ የመጣሽው ልትማሪ ነው ወይስ ዳንቴል ልትሠሪ? ሒሳብ የማይገባሽ ለዚህ ነው!" አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ደስ አለኝ፤ ቀልዴ ስለሠራ። ልጅቷ አላለቀሰችም። መልስልኝም አላለችም። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ክፍል ውስጥ ታንቀላፋ ነበር። እኔ ስሟ ፊት ለፊት "ግዴለሽ" ብዬ መጻፌን አስታውሳለሁ። በኩራዝ ሌሊቱን ሙሉ እኔ የቀማሁትን ስትተካ ነበር የምታድረው።

ጀፎሮው ላይ አፌን ከፍቼ "እኔ ነኝ" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። የባለቤቴን የክር ፌስታል ጭኔ ላይ እንዳቀፍኩ ሣሩን እያየሁ ተቀመጥኩ። ጎማው ተቀየረ፣ ተሳፈርን።

ማታ ከተማሪ የቀማኋቸውን ዕቃዎች የማስቀምጥበትን ካርቶን አወረድኩ። ሞባይሎቹ ለወላጅ ተመልሰዋል። የቀረው ኳስ፣ ካርታ፣ የተሰበረ መነጽር፣ እና ኪሮሹ ነው፤ የተጀመረው ዳንቴል እንደተንጠለጠለበት። ለባለቤቴ ነገርኳት። "አይዞህ" አላለችኝም። "አላወቅክም ነበር" አላለችኝም። ዳንቴሉን ወደ ብርሃን ጠጋ አደረገችና በጣቷ ቆጠረችው። "ስምንት ዙር ጨርሳ ዘጠነኛውን ጀምራለች። አንድም ቦታ አልተሳሳተችም" አለችኝ። ቀጥላም "ይህን የሠራች ልጅ ነው ሒሳብ አይገባሽም ያልካት?" አለች። መልስ አልነበረኝም።

በማግስቱ አዶት ቤት ሄድኩ። ቡና እስኪፈላ አልጠበቅኩም፤ ነገርኳቸው። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ "ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለእሷ ንገራት" አሉኝ። የት እንዳለች ግን እሳቸውም አያውቁም። አሥረኛን ተፈትና ወደ አዲስ አበባ ሄደች ይላሉ፤ ከዚያ ወዲህ ድምጿን አልሰሙም።

ስለዚህ ነው የምጽፈው። ከእናንተ መካከል ከእሷ ጋር የተማራችሁ አላችሁ። የሳቃችሁም አላችሁ፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነው፤ ያሳቅኳችሁ እኔ ነኝ።

ለእሷ፦ ይህ ጽሑፍ ከደረሰሽ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ክፍል ውስጥ ስልክ ቢሆን፣ ዳንቴል ቢሆን፣ "አስቀምጪው" ማለት ሥራዬ ነበር። መቀማቱና ማሳቁ ግን ሥራዬ አልነበረም። ከደወል በኋላ "ለምንድነው የምትሠሪው?" ብዬ መጠየቅ ይበቃ ነበር። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ኪሮሽሽ እኔ ጋ ነው። ባለቤቴ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላዋለች። የጀመርሽውን ዳንቴል ልጨርሰው ብላ ነበር፤ በኋላ "የሰው እጅ ነው፣ አልነካውም" ብላ ተወችው። ዘጠነኛው ዙር ላይ እንዳለ ነው።

የኪራዩን፣ የአራቱን ዳንቴል፣ የሌሊቱን ልከፍልሽ አልችልም። የምችለውን ግን ጀምሬአለሁ። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ሲክዌንስን የማስተምረው በዳንቴል ነው፤ ባለቤቴ ባለ አሥር ዙር አንድ ሠርታልኛለች። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩትን ልጆችም በመጀመሪያው ሳምንት አንድ በአንድ በምን እንደሚኖሩ እጠይቃለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ላስቸግራችሁ። የምታውቋት ካላችሁ ስሟን ኮሜንት ላይ እንዳትጽፉ፣ ታግም እንዳታደርጓት። አንድ ጊዜ በሰው ፊት አዋርጃታለሁ፤ ሁለተኛ በሰው ፊት እንድትቆም አልፈልግም። እሷን ብቻ በውስጥ መስመር "ቲቸር ኪሮሽሽን ሊመልስልሽ ይፈልጋል" በሏት። ልታናግረኝ ካልፈለገችም መብቷ ነው። አዶት ቤት አስቀምጠዋለሁ፤ ለመስቀል ከመጣች ከእሳቸው ትወስደዋለች።