ዋንጫው ደጃችን ድረስ መጣ

ድምፄ ጠፍቷል። ስትደውሉ ያላነሳሁባችሁ ሁሉ አትቀየሙኝ፤ ባነሳም የምትሰሙት ሹክሹክታ ብቻ ነበር። ምክንያቱን ጎንደር ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሌሎቻችሁም ከጠዋት ጀምሮ ፌስቡካችሁ ቀይ ሲለብስ አይታችኋል።

አዎ፣ ፋሲል ከነማ የ2013ን የሊግ ዋንጫ ይዞ ጎንደር ሲገባ እኛም ነበርን። ልጆቹም፣ አባዬም፣ ባለቤቴም። የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊው ባለቤቴም! የቡና ልጆች ይህችን በደንብ አንብቡልኝ፤ ፎቶውም አለኝ። የአፄዎቹን፣ የፋሲልን ማልያ ለብሶ ከማራኪ እስከ ፒያሳ በእግሩ ሄዷል። አባዬ ማልያውን በሁለት እጃቸው ይዘው «ልጄ፣ ዛሬስ ይቺን ልበስልኝ» ሲሉት ምን ይበል? «እሺ አባባ፣ የአጥቂያችንን የአቡበከርን 29 ጎል ግን ማንም አይነካብኝም» እያለ አንገቱን አስገባ። አባዬም «እሱስ እድሜ ይስጠው፤ የዮርዳኖስን የአንድ ዓመት የ24 ጎል ክብረ ወሰን የሰበረ ልጅ እኮ ነው» ብለው መረቁለት። እንዲህ ነው የሚያምረው። አንደኛና ሁለተኛ የወጡ ቡድኖች ደጋፊዎች አንድ ትሪ ከበው ምሳ በልተው አብረው ወጡ።

ከአዲስ አበባ የመጣነው እንኳን ለዚህ አልነበረም። ለፋሲካ ሳንመጣ ስለቀረን አባዬ አኩርፈው ከርመዋል። ስደውል «ደህና ነን» ይሉና ስልኩን ለእህቴ ያቀብሉታል። ኩርፊያው ሲጠናብኝ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስፈቅደን መጣን፤ ዋንጫውም ተከትሎን ገባ። አባዬ ለጎረቤት ሁሉ «ልጆቼና ዋንጫው ባንድ ሳምንት» እያሉ ሲያወሩ ሰማኋቸው። ኩርፊያው በዚያው ቀረ።

አሳባችን መንገድ ዳር ቆመን፣ ሲያልፉ አይተን፣ ልጆቹን ፎቶ አንስተን ለመመለስ ነበር። ይህን ያለ ሰው የጎንደርን ሕዝብ አያውቅም። ከአዘዞ በኩል መጀመሪያ የመጣው የባጃጅ ጡሩምባ ነው። ከዚያ ሞተር፣ ከዚያ በላዩ ሰው እንደ ጤፍ የተዘራበት አይሱዙ፣ ከዚያ እግረኛው። እግረኛው ሲደርስ ዳር የሚባል ነገር አልነበረም። ፊቱን ቀይና ነጭ የተቀባ አንድ ጎረምሳ ልጄን «ና አንተ ጀግና» ብሎ ከመሬት አነሳና ትከሻው ላይ አወጣው። እኔ «ኧረ ልጄን!» ስል ልጄ ከላይ ሆኖ «እማዬ ዋንጫው ይታየኛል!» ይላል። በቃ፣ ገባን። ማስክ አድርገን ነው የወጣነው፤ የማን ማስክ የት እንደደረሰ እንጃ።

የጫማውን ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። ልጄ ትከሻ ላይ ሆኖ ሲዘል የግራ እግሩ ጫማ ወልቆ ወደቀ። እዚያ ሕዝብ መሐል የወደቀ ጫማ አለቀለት ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ከኋላችን «ጫማ! የማነው ጫማ!» የሚል ድምፅ መጣ። ዞር ስል ጫማው በሰው ራስ ላይ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ይመጣል። አንዱ ወደ ላይ ያሳየዋል፣ ሌላው ይቀበለዋል፣ ሦስተኛው «የልጅ ነው፣ የልጅ ነው፣ አሳልፉት!» ይላል። መጨረሻ ላይ አንድ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ተቀብለው አቧራውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ራሳቸው አደረጉለት። ማሰሪያውንም አሰሩለት። ሕዝቡ እየገፋቸው፣ እሳቸው ጎንበስ ብለው ሁለቴ ቋጠሩት። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም። ይህን ካነበበ ሰው መካከል የሚያውቃቸው ካለ እግዜር ያክብርልኝ በሉልኝ።

ሴቶቹስ! አንዷን አልረሳትም። እንጀራ ስትጋግር ጩኸቱን ሰምታ ነው መሰል እጇ እስከ ክርኗ ሊጥ እንደሆነ ወጥታለች። ማጨብጨብ አልቻለችም፤ ልብሷን እንዳይነካባት ሁለት እጇን ወደ ላይ ሰቅላ እልልታዋን ታቀልጠዋለች። አጠገቧ ያለችው ልጇ ነች መሰለኝ፣ በነጠላዋ ጫፍ የእናቷን እንባ ትጠርግላታለች።

እሷን ሳይ ነው የድሮው ነገር የመጣብኝ። ከመጣ ልጻፈው።

ልጅ ሆኜ ቤታችን ስታዲየሙ አጠገብ ነበር። ወንድሞቼ ጨዋታ ባለ ቁጥር ምሳቸውን ጎርሰው ይሮጣሉ። እኔ ስነሳ «አንቺ ደሞ የት?» ይባላል። ሴት ልጅ ስታዲየም ምን አላት? እናም ግቢያችን ውስጥ አጥሩ ሥር ተቀምጬ በጆሮዬ እከታተል ነበር። ጎል ሲገባ ድምፁ እንዴት እንደሆነ የማውቀው ከዚያ ነው። ጎል ሲሳት ጩኸቱ ወደ ላይ ይወጣና ከአፉ እንደተነጠቀ ሰው ቁርጥ ይላል። ጎል ሲሆን ግን አይቆረጥም፤ ይሰፋል፣ ቆርቆሮውን ያንቀጠቅጠዋል፣ ዶሮዎቹ ሁሉ ይበረግጋሉ። ማታ ወንድሜ በካልሲ ኳስ ጎሎቹን እየደገመ ያሳየኛል፤ እኔ በረኛ ሆኜ እወድቅለታለሁ። ያኔ አስቤው አላውቅም፤ አሁን ሳስበው ግን ያንገበግበኛል። የከተማዬን ቡድን የማውቀው በአጥር በኩል ነው። ከእኔ ጋር ያደጉት ሴት ልጆች ሁሉ እንደዚያው ናቸው። ክፉ ሰው ከልክሎን አይደለም፤ የሚወዱን ሰዎች ናቸው የከለከሉን። አድጌ አዲስ አበባ ስታዲየም ከባለቤቴ ጋር ስገባ ደግሞ አጥሩ ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። ዳኛው በተሳሳተ ቁጥር የዳኛው እናት ትሰደባለች። የኔ ሴት ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ «እማዬ፣ እናቱ ምን አድርጋ ነው?» ብላ ጠይቃኛለች። ምን ልመልስላት? እባካችሁ፣ ስታዲየም የምትገቡ ወንድሞቼ፣ ይህን አስቡበት። ቡድናችሁን የምትወዱ ከሆነ እናታችሁን ይዛችሁ ልትገቡበት የማትችሉት ቦታ አታድርጉት።

በ2013 ደግሞ በኮሮናው ምክንያት ሁላችንም አጥር ውጪ ነበርን። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፤ ሊጉ አምስት ከተማ ሲዞር ጎንደር አንድም ጨዋታ አላየችም። በታሪካችን የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያነሳንበት ዓመት ፋሲለደስ ስታዲየም ጭር ብሎ ነው የከረመው። ዲኤስቲቪ ያለው ሆቴል ሄዶ ያየ አይቷል። አባዬ ግን ሬዲዮናቸውን አይለቁም። በ2011 በሊጉ የመጨረሻ ቀን ሽረ ላይ 1 ለ 1 ወጥተን ዋንጫው ወደ መቀሌ ሲሄድ ያችኑ ሬዲዮ ዘግተው ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጧት፤ ለሁለት ቀን አልነኳትም። በ2012 ደግሞ ሰንጠረዡን እየመራን ሳለ በወረርሽኙ ሊጉ ተሰረዘ። ስለዚህ አምበላችን ያሬድ ባየህ ዋንጫውን ሲያነሳ የአባዬን ፊት ብታዩት! አሰልጣኙን ሥዩም ከበደን «ይህ ሰው ትዕግሥቱ» እያሉ ያወድሷቸዋል፤ አጥቂውን ሙጂብን ደግሞ እንደ ራሳቸው ልጅ ነው የሚጠሩት።

መቀሌን ካነሳሁ አይቀር፣ ይህንም ልበል። በ2013 ሊጉን የተጫወቱት 13 ቡድኖች ነበሩ። መቀሌ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ፣ ስሑል ሽረ አልነበሩም። በትግራዩ ጦርነት ምክንያት እንደቀሩ ሁላችንም እናውቃለን። በ2011 እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ያንገበገቡን ልጆች ዛሬ የት እንዳሉ፣ በዚያ ቀን በደስታ ያበዱት እናቶችና አባቶች ምን ላይ እንዳሉ አስባለሁ። ደስታዬን አልደብቅም፤ የሚገባን ዋንጫ ነው፣ ላባችን ነው። ግን ተመልሰው እንዲመጡ እፈልጋለሁ። መጥተው ይግጠሙን፤ ካሸነፉንም ያሸንፉን።

እና ወደ ዛሬው። ዛሬ ምን እንደገባኝ ልንገራችሁ። ስታዲየም በር አለው፤ ትኬት አለው፤ «አንቺ የት?» የሚል አለው። የዛሬው መንገድ በር አልነበረውም። ያቺ ሊጥ የያዘች እናት ትኬት አልጠየቋትም። ሴት ልጄን ማንም «ሴት ልጅ እዚህ ምን አላት» አላላትም፤ እንዲያውም ሰባት ስምንት የሚሆኑ ልጃገረዶች መሐላቸው አስገብተው እጇን ይዘው ጭፈራውን አስተማሯት። የእኔ ልጆች አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ ናቸው። በመጣን ቁጥር ደህናው ወንበር ይሰጣቸዋል፣ ቡናው በስማቸው ይፈላል፣ «የአዲስ አበባ ልጆች» እየተባሉ ይሳማሉ። ፍቅር ነው፤ ግን ልጄ አንድ ቀን «እዚህ እኛ ሁልጊዜ እንግዳ ነን አይደል?» ብላኝ ነበር፤ ዘግንኖኛል። እኔ እትብቴ የተቀበረበት ከተማ ልጄ እንግዳ ስትሆን! ዛሬ ማንም የማን ልጅ ነሽ፣ ከየት መጣሽ ብሎ አልጠየቃትም። ግንባሯ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰሩላት፣ ውሃ አጠጧት፣ ጉንጯን በቀለም አበላሹባት፤ ከዚያ እንደማንኛዋም የጎንደር ልጅ ጮኸች፣ ዘለለች፣ ላበች። ማታ ቤት ስንገባ ለአባዬ «አሸነፍን እኮ!» አለቻቸው። አሸነፍን! ሦስት ጊዜ አስደገሟት።

ዋንጫውን የያዘው መኪና ሲያልፍ ምን ያህል ቅርብ እንደነበርን አሁንም አይታመነኝም። ከተጫዋቾቹ ሱራፌልን አየሁት፣ ሽመክትን አየሁት፤ በረኛው ሳማኬ በእኛ በኩል ዞሮ እጁን ሲያውለበልብ ልጄ ለእሱ ብቻ ያደረገለት መስሎት እስካሁን ያወራል። እኔ ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውሰውም። እያለቀስኩ ነበር፣ እየጮህኩም ነበር። ባለቤቴ ሳይቀር የዘፈኑን አዝማች ይቀበል ነበር። የቡና ልጆች፣ ይህንንም መዝግቡ።

አሁን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ፒያሳ ልንደርስ ስንል አባዬ ከዘራቸውን ለእህቴ ሰጥተው መሐል ገቡና እስክስታ ወረዱ። እማዬ ካረፈች ወዲህ ትከሻቸው ሲንቀሳቀስ አይቼ አላውቅም። እኔ ያን ጊዜ በሁለቱም እጄ ልጆቹን ይዤ ስልኬን ማውጣት አልቻልኩም። ዙሪያቸውን ከበው ሲቀርጹ የነበሩ ልጆች ግን ብዙ ነበሩ። ነጭ ጋቢ፣ ቀይ ኮፍያ፣ ረጅም ሰውዬ። ቪዲዮው ያላችሁ በእግዜር ኢንቦክስ ላኩልኝ።