የዕቃ ዝርዝር ሳይያዝ ወደ ድሬስደን

ለመሆኑ ለመጨረሻ ጊዜ ከከተማዎ የወጡት ለምን ጉዳይ ነበር? ለለቅሶ ነው፣ ለሠርግ፣ የታመመ ለመጠየቅ ወይስ ለመሥሪያ ቤት ስብሰባ? እንዲያው አገር ለማየት ብቻ፣ ዓይንዎንና እግርዎን ለማሳረፍ ብለው ከቤት የወጡበትን ቀን ያስታውሱታል? ይህንን ጥያቄ በቢሯችን ለሚገኙ ስምንት እናቶች አቅርቤ ነበር። ሰባቱ ሳቁብኝ። ስምንተኛዋ ግን ቆም ብላ አስባ «በሠርጌ ሰሞን» አለችኝ። የበኩር ልጇ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብቷል።

እኔም ብሆን ከእነርሱ የተሻልኩ አይደለሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ጉዳይ በርሊን ሰንብቼ ነበር። ከዚያ ሁሉ ቀን ውስጥ የራሴ የምላት አንዲት ቅዳሜ ብቻ ነበረችኝ። ድሬስደን ከበርሊን በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ናት። አጎቴ ደግሞ ጀርመን ለሁለት ተከፍላ በነበረችበት ዘመን ለትምህርት ወደ ምሥራቁ ክፍል ከተላኩት በርካታ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች አንዱ ስለሆነ፣ የድሬስደንን ወሬ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ታዲያ ያቺን ቅዳሜ ምን አደረግኋት መሰለዎት? ከአዲስ አበባ ይዤ የሄድኩት ዝርዝር የአሥራ አንድ ሰው ዕቃ ነበረበት፤ የሕፃን ጡጦ፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ የፀጉር ቅባት፣ የወንድ ጫማ ቁጥር 43። በጀርመን አገር እሑድ ሱቆች ዝግ ናቸው፤ በረራዬም እሑድ ጠዋት ነበር። ስለዚህ ከጠዋት እስከ ማታ ከሱቅ ሱቅ ስዞር ዋልኩ። ጫማው ጠበበ ተብሎ እስከ ዛሬ ይወራብኛል።

ዘንድሮ ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር ዕቁብ ገብተናል። ዕጣው በታኅሣሥ ይደርሰናል፤ ጉዞው በሐምሌ ነው። ልጆች ትምህርት ይዘጋሉ፤ በእኛ አገር ክረምት ሲሆን በዚያ ደግሞ በጋ ነው፤ ቀኑም ረጅም ነው። አንድ ሳምንት፣ አንድ ከተማ፣ ያለ ዝርዝር። እርስዎም ጀርመን አገር እኅት ወይም ወንድም ካለዎት፣ ወይም እንደ እኛ ገንዘብ እያጠራቀሙ ከሆነ፣ ያቀድነውን ላካፍልዎ።

አስቀድሞ የሚያስፈራውን ነገር ላንሳ። የቪዛ ማመልከቻ ክፍያ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። ይህ ለእኛ የዕቁብ ገንዘብ ቀልድ አይደለም። ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ሊገባ ይችላል፤ ቢዘገይ ግን ከአሥራ አምስት ቀን ማነስ የለበትም። ቀጠሮ ለማግኘት ወረፋ ስላለ ቶሎ መጀመር ይሻላል። ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድን ይጠየቃል። ከመሥሪያ ቤትዎ የዓመት ዕረፍት ፈቃድና የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ፣ የባንክ ሂሳብ መግለጫ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ እቤት የሚቀሩት ልጆች የልደት ምስክር ወረቀት ሁሉ ተሰናድቶ ይቀመጥ። እኒህ ወረቀቶች የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ ይህች ሴት ወደ ቤቷ የምትመለስበት ምክንያት አላት። አውሮፕላኑን ደግሞ ቦታ ማስያዝ እንጂ ቪዛው ሳይመታ የትኬት ገንዘብ አይክፈሉ። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት ድረስ በቀጥታ ይበረራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የባቡር ነው።

አሁን ወደ ከተማይቱ እንግባ። ድሬስደን በኤልበ ወንዝ ግራና ቀኝ የተቆረቆረች የቀድሞ የሳክሶኒ ነገሥታት መናገሻ ናት። መካከሏ ላይ ፍራወንኪርሸ የተባለው፣ በእኛ አነጋገር የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ልንለው የምንችለው፣ ትልቅ ጉልላት ያለው ሕንፃ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ1743 የተፈጸመ ነበር። በየካቲት 1945 የእንግሊዝና የአሜሪካ አውሮፕላኖች ከተማይቱን ደበደቡ፤ እስከ 25 ሺህ የሚደርስ ሕዝብ አለቀ። ቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ቀን ያህል በእሳት ግሎ ቆሞ ከቆየ በኋላ ተደረመሰ። ፍርስራሹ ከአርባ ዓመት በላይ እንዳለ ተቀመጠ። አጎቴ የሚያውቀውም ያንኑ የድንጋይ ክምር ነበር። ሁለቱ ጀርመኖች ከተዋሐዱ በኋላ ሕዝቡ ገንዘብ አዋጥቶ ከ1994 ጀምሮ መልሶ ሠራውና በ2005 ተመረቀ። ግድግዳውን ቀረብ ብለው ሲያዩት እዚህም እዚያም ጥቁር ድንጋይ አለበት ይላሉ፤ ከፍርስራሹ ተለቅሞ በቦታው የተመለሰው አሮጌው ድንጋይ ነው። ከጉልላቱ ላይ ያለውን መስቀል የሠራው የለንደን አንጥረኛ ነው። አባቱ ከተማይቱን ከደበደቡት አውሮፕላኖች የአንዱ አብራሪ ነበር። እኔ በዚህ አደባባይ ግማሽ ቀን መቀመጥ ነው ያሰብኩት፤ ጓደኛዬ ይበዛል ትላለች።

ከዚያ ብዙም ሳይርቁ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ይሂዱ። በዚያ የአንዲት ሴት ሐውልት አለ። ንግሥት አይደለችም፤ ከጦርነቱ በኋላ ፍርስራሽ ከጠረጉትና ጡብ ከለቀሙት ሴቶች መካከል እንደ አንዷ ሆና የተቀረጸች ናት። ሐውልቱ የተሠራው በ1952 ነው። የታሪክ ሰዎች እንደሚሉት ፍርስራሹን ያነሡት ሴቶች ብቻ አልነበሩም፤ መኪናም፣ ወንድ ሠራተኛም፣ እስረኛም ነበረበት። ይሁን እንጂ በየከተማው አደባባይ በፈረስ ላይ የተቀመጠ ወንድ ማየት ለለመደው ዓይናችን፣ የሥራ ልብስ የለበሰች ሴት ማየት የባቡሩን ዋጋ ያወጣል ባይ ነኝ።

ቡና አፍልታ የምታጠጣ ሁሉ ማወቅ ያለባት ሌላም የድሬስደን ሴት አለች። ሜሊታ ቤንትስ የምትባል የቤት እመቤት ነበረች። በዘመኑ የነበረው ቡና አተላው አፍ ውስጥ እየገባ፣ መራራም እየሆነ አስቸገራት። አንድ ቀን የናስ ጣሳ ቂጡን በምስማር በሳሳችና ከልጇ የትምህርት ቤት ደብተር ላይ ቀለም መጣጭ ወረቀት ቀዳ ውስጡ አነጠፈች፤ ቡናውን በዚያ ላይ አፈሰሰችው። ጠርቶ ወረደ። በ1908 የፈጠራ መብቷን አስመዘገበች፤ በዚያው ዓመት በ73 ፕፌኒግ፣ በሳንቲም ማለት ነው፣ ኩባንያ አቋቋመች። ባልና ልጆቿ ሠራተኞቿ ሆኑ። በተከታዩ ዓመት በላይፕዚግ የንግድ ትርኢት ከሺህ በላይ ማጥለያ ሸጠች። ዛሬ በየቢሯችን ያለው ማሽን ውስጥ የሚገባው የወረቀት ማጥለያ ከዚያ ማዕድ ቤት የወጣ ነው። እኛ ጀበናችንን ዘንበል አድርገን አተላውን ከታች እናስቀረዋለን፤ የእነርሱ ዘዴ ደግሞ ይኸው ነው። የሲኒ ነገር ከተነሣ፣ በአውሮፓ የመጀመሪያው እውነተኛ የሸክላ ሲኒ ፋብሪካ በ1710 የተከፈተው ከድሬስደን በቅርብ ባቡር በሚደረስባት በማይሰን ከተማ ነው። መመልከት እንጂ መግዛት አይሞከርም፤ ዋጋው ራስ ያዞራል።

ልጅ ይዘው ከሄዱ በትልቁ የከተማ መናፈሻ ውስጥ ከ1950 ጀምሮ የሚሠራ ትንሽ ባቡር አለ። ትኬት የሚቆርጡትና ምልክት የሚሰጡት ልጆች ናቸው። ለማታ ደግሞ የወንዙ ዳር አለ። ይህ የኤልበ ሸለቆ በ2004 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ ነበር፤ በመካከሉ አዲስ ድልድይ በመሠራቱ በ2009 ከመዝገቡ ተሰረዘ። የከተማው ሰው ግን ድልድዩን መርጧል። ውሃ አቋርጦ ሥራ የሚሄድ ሰው ያውቀዋል።

ወጪን በሚመለከት የምንተማመነው በስንቅ ነው። ምሳ ከሱፐርማርኬት በተገዛ ዳቦና አይብ፣ እራት በቤት። ዕረፍት ነው ብለን በየምግብ ቤቱ ከተቀመጥን ዕቁቡ ረቡዕን አይደርስም።

ዝርዝሩንስ እንዴት አመለጥሽ ይሉኝ ይሆናል። አላመለጥኩም ነበር። ገና ዕቁብ መግባቴ ሲሰማ ጎረቤቴ «እንግዲህ አንድ ነገር ብቻ» ብላ መጣች። «እትዬ፣ ዘንድሮ የምሄደው ለማየት ነው፤ ሻንጣዬም ትንሽ ናት» አልኳት። ፊቷ ጠቆረ። ሁለት ቀን ሰላምታዋ ቀዝቅዞ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ቡና ጠራችኝ።

የከበደኝ ግን ለእናቴ መንገሩ ነበር፤ ልጆቼን የምትይዝልኝ እርሷ ናትና። እንዲያው ለመዝናናት ነው ማለቱ አሳፈረኝና ስለ ሥዕል ቤቱ አወራሁላት። የጣልያኑ ሠዓሊ ራፋኤል የሣላት፣ በ1754 ለድሬስደን የተገዛች፣ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ሞስኮ ተወስዳ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ የተመለሰች የእመቤታችን ሥዕል በዚያ አለች፤ በደመና ላይ ቆማ ልጇን ታቅፋለች፤ ከእግሯ ሥር ሁለት ትንንሽ መላእክት ክርናቸውን ተደግፈው ወደ ላይ ያያሉ። እናቴ ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያም «በየትኛው እጇ ነው የታቀፈችው?» አለች። አላውቅም አልኳት።

«እንግዲህ አይተሽ ንገሪኝ» አለች።

ሥዕል ቤቱ ሰኞ ዝግ ስለሆነ ማክሰኞ ጠዋት እንገባለን።